ደጉ ሳምራዊ ቦንጋ ገበያ ቢወጣ

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 10 የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡት ሰው፣ አይተውት ያለፉት ካህንና ሌዋዊ፣ ቆሞ ቁስሉን ያሰረለት ሳምራዊ። በስብከት ሰምተነዋል፤ በተውኔትም አሳይተነዋል። እንግዲህ እዚህ ሂስ የምንሰነዝረው በታሪኩ ላይ ሳይሆን በአነባበባችን ላይ ነው። ግለ ሂስ ነው ማለት ይቻላል፤ እኛው ራሳችን ስናዘጋጀው ሳምራዊውን ነጭ ጋቢ፣ ቁስለኛውን ቡትቶ አልብሰን መድረክ አውጥተናልና።

ስሕተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኛ ሳምራዊው ነን፤ መንገድ ዳር የወደቀው ደግሞ ያ የምንርቀው፣ የምንፈራው ሰው ነው ብለን እናነባለን። ትምህርቱም «እዘንለት፣ ስጠው» ይሆንና ሰጥተን ወደ ቤታችን እንገባለን። የተጻፈው ግን ተቃራኒው ነው። የወደቀው ከኢየሩሳሌም የወጣ መንገደኛ ነው። ዘይትና ወይን ይዞ የመጣው ያ የተናቀው፣ ዕቃው እንኳ የማይነካው ሰው ነው። ሰጪው እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለተናቀው ትራራለህ ወይ ሳይሆን፣ ከተናቀው ሰው እጅ ትቀበላለህ ወይ የሚል ነው። ሕግ ዐዋቂው ይህ ስለገባው ይመስለናል፣ በመጨረሻ ባልንጀራ የሆነው ማን ነው ሲባል «ሳምራዊው» ማለት ከብዶት፣ ምሕረት ያደረገለት ብሎ ስሙን ዘልሎ መለሰ።

ይህን ለመረዳት ፍልስጥኤም ድረስ መሄድ አያሻም፤ ከፋ ይበቃል። በከፋ ዞን ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። (ስሙን እንደ ስድብ የሚጠቀምበት ስላለ ስንጽፈው እጃችን ይከብዳል፤ ሌላ ስም ብንፈጥር ግን ነገሩን መሸፈን ይሆንብናል።) ቋንቋቸው ከከፋቾ ጋር አንድ ነው። በከፋ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም ጋኪ ሼሮቾ በ1897 (እ.ኤ.አ.) ተይዞ መንግሥቱ እስኪያከትም ድረስ፣ አዳኞችና የአገሩ በር ጠባቂዎች ነበሩ። አስቡት! የአገሩን በር የሚጠብቅ ሰው የጎረቤቱን ደጃፍ አያልፍም።

ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ፣ ርኩስ ናቸው ይባላል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅተውት በ2001 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታተመው፣ በደቡብ ስለተገለሉ ዕደ ጥበበኞችና አዳኞች የሚያትተው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር በሰፊው ይዞታል፤ አብሮ አለመብላት፣ አለመጋባት፣ ቤት አለማስገባት። በከፋ የማንጆው ሰላምታ ራሱ «እኔ ልሙትልዎ» እንደ ማለት ያለ ነበር። ማገዶውና ከሰሉ ግን ቦንጋ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ያ ማገዶ ጓዳ ገብቶ ቡና ሲያፈላ፣ ተሸክሞ ያመጣው ሰው ሲኒ ሳይደርሰው ተመልሷል። ዛሬ ላልቷል የሚሉ አሉ፤ በከተማና በትምህርት ቤት ላልቶም ይሆናል።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ባለመሬት አደረጋቸው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ እኩልነት ፍለጋ ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ገቡ። ታዲያ አሁን ርኩስ የሚለውም ክርስቲያን፣ የሚባለውም ክርስቲያን! የምግቡ ክስ ከሆነ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ መልሱን አግኝቷል። የዚያ ራእይ ፍቺ ሥጋ ሳይሆን ሰው መሆኑ የገባው ደግሞ የቆርኔሌዎስን ደጃፍ ተሻግሮ ሲገባ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነገሩ ፈነዳ። በዞኑ አንዳንድ ቦታዎች ማንጆዎች በከፋቾ ጎረቤቶቻቸው ላይ ተነሡ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ይህን አናለባብሰውም። የቆየ በደል ስለነበረ የሟቹ ደም አይቀልም፤ ያ የሞተው ሰው ራሱ በዳይ ነበር ብሎ የሚፈርድ ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ግን ፍርሃት አንደበት አገኘ። «አላልናችሁም ወይ?» ይላል። ርኅራኄ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ካልሠራ ሌላ ቦታ መስበኩ ምን ይረባል?

አንባቢ አንድ ቅጠል ወደ ኋላ ይግለጥልን። በምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ አንድ የሳምራውያን መንደር ኢየሱስን አላሳድርም አለ። ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ወርዶ ይብላቸው ወይ ብለው ጠየቁ፤ እሱ ግን ዞሮ ገሠጻቸው። ምሳሌው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የዚያች መንደር ቂም ሳይበርድ። ማደሪያ መንፈግና ነፍስ ማጥፋት አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ንጽጽራችን እዚህ ላይ ያነክሳል። ቢሆንም ሉቃስ ሁለቱን ማጎራበቱ በከንቱ አይመስለንም። ቂም ከሌለበት ዘመን መርጦ ቢያመጣልን ኖሮ ታሪኩ የልጆች ተረት በሆነ ነበር። «ደጉ» የምትለዋም ቅጽል የእኛ ጭማሪ እንጂ ከወንጌሉ አይደለችም። «ማንጆ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው» እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ አንዱን አመስግኖ ሌላውን ሁሉ መስደብ።

በተውኔታችን ላይ ጭራሽ የዘለልነው አንድ ሰው አለ፤ የእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ። አንድ ሳምራዊ ደም የነካው ሰው በአህያ ጭኖ ደጁ ላይ ቆመ። ማን ደበደበው? ራሱ ቢሆንስ? መፍራት ቢያምረው ማን ይፈርድበታል! እሱ ግን በሩን ከፈተ፤ ሳምራዊውም እዚያው ዐደረ። በማግስቱ ሁለት ዲናር ተቀበለ፤ የቀረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ሲለውም የሳምራዊ ቃል አምኖ በዱቤ ያዘለት። ወንጌሉ ስለዚህ ሰው ከዚህ የበለጠ አይናገርም፤ ስሙንም አልጻፈልንም። ተውኔቱን ደግመን የምናዘጋጅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ተዋናይ የምንፈልግለት ለእሱ ነው።