«የኦሪት ገበታ» እና ባዶው የሽማግሎች ወንበር

ባለፈው ክረምት በቂርያት ጋት በሚገኘው የማኅበራችን ቤት አንድ መጽሐፍ በጋራ ማንበብ ጀምረን ነበር። መጽሐፉ የራቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎም «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» ነው። በዕብራይስጥ በ2012፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ2016 ታትሟል፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። አነባበባችን እንዲህ ነበር። ከልጆቻችን አንዱ ዕብራይስጡን ያነባል፣ አንዷ ባማርኛ ትመልሰዋለች፣ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ከኋላ ሆነው እርስ በርሳቸው ይተረጉማሉ፣ ከዚያ በኋላ ሽማግሎች ይናገራሉ። በአንድ ምሽት ሦስት ገጽ ካለፍን ብዙ ነው።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ምሽት ላይ፣ እስከዚያ ድረስ ነጠላቸውን ተከናንበው በዝምታ ሲያዳምጡ የቆዩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ መልካም አድርጎ ጽፏል። ግን ይህ ሲወሰን እነማን ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁ ጥያቄው አልገባውም። «ደራሲው ናቸው እንጂ፣ እማማ» አላቸው። «እሱማ ይጻፈው። ቄሶቹስ? ሽማግሎቹስ የት ተቀምጠው ነበር?» አሉ። ከዚያ ምሽት ወዲህ መጽሐፉን ስናነብ ይህ ጥያቄ ከጎናችን አልተለየም። ይህም ጽሑፍ ከዚያው የመጣ ነው።

ደራሲውን ለከተማችን ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ለሩቁ አንባቢ ግን ጥቂት እንበል። ራቢ ሻሮን ሻሎም በ1982 በልጅነታቸው በሱዳን በኩል የመጡ፣ በሠራዊቱ መኮንን የነበሩ፣ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰው ናቸው። በከተማችን ለዓመታት በራቢነት ያገለገሉት «ቅዱሳነ እስራኤል» የተባለውን፣ ከአውሮፓው እልቂት የተረፉ ሰዎች ያቋቋሙትን ምኩራብ ነው። የኛ ልጅ የፖላንድና የሮማኒያ ሽማግሎችን ጸሎት ሲመራ ማየት ለብዙዎቻችን ኩራት ነው። ለአንዳንዶቻችን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅናትም ነው።

ስለ ቤተ እስራኤል የተጻፉ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ጸሎቶቻችንንና መጻሕፍታችንን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አቀረቡ፤ ኬይ ሸለመይ በ1986 ዜማችንን፣ ስቲቨን ካፕላን በ1992 ታሪካችንን መረመሩ። ሁሉም ጠቅመውናል፤ አንዳንዱም አስቆጥቶናል። የሻሮን ሻሎም መጽሐፍ ግን ከውስጥ የተጻፈ፣ የሚያነበውም ሰው ነገ ጧት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳስበው ነው። ደራሲው የአባቶቻችን ሥርዓት ስሕተት ወይም ድንቁርና ነው የሚለውን አነጋገር አይቀበሉም፤ ከታልሙድ በፊት የነበረ የጥንት ሥርዓት መልክ ነው ይላሉ። ይህን በራቢዎች ቋንቋ፣ በራቢዎች ፊት መናገር ቀላል ድፍረት አይደለም።

የመጽሐፉ እምብርት «ሹልሐን ሃኦሪት» የተባለው ክፍል ነው፤ ሹልሐን ማለት ገበታ ነው። በዚህ ገበታ ላይ የሰንበት፣ የበዓል፣ የንጽሕና፣ የጋብቻና የሐዘን ሥርዓት በየተራ ይቀርባል። በኢትዮጵያ እንዴት ይደረግ እንደነበረ ይነገራል፤ ከጎኑ የራቢዎች ሕግ ይቀመጣል፤ ከዚያም ደራሲው በእስራኤል ለሚኖር ሰው የሚበጀውን ይመክራሉ። በአቀራረቡ ላይ ነቀፌታ የለንም። ነገር ግን ባገራችን ገበታ የብቻ አይደለም፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። በኢትዮጵያ በሰንበት እሳት በቤት አይገኝም ነበር፤ ዓርብ የተሠራው ምግብ ቀዝቅዞ ይበላ ነበር። እዚህ የልጅ ልጆቻችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የኤሌክትሪክ ፕላታ ይሰካሉ፤ በራቢዎች ሕግ የተፈቀደ ነው። አያትየው ከዚያ ወጥ አይቀምሱም። ልጆቹ አያታቸውን እንደ ግትር ያያሉ፤ አያትየው ልጆቹን እንደ ጠፉ ያያሉ። መጽሐፉ ይህን ሁሉ በአክብሮት ያስረዳል፤ ይመክራልም። ግን አያትየውን «እንግዲህ ተፈቅዷል» የሚላቸው ማነው? ራቢው? ቄሱ? መጽሐፉ? በጎንደር ወይም በስሜን ቢሆን ኖሮ መልሱ ይታወቅ ነበር።

የአባቶቻችን አስተዳደር ብዙ ጊዜ «የቄሶች አመራር» ተብሎ ይጠራል፤ ይህ ግማሹን ብቻ መናገር ነው። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት መጀመሪያ ወደ ቄስ አይሄድም ነበር። ወደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ዘር ይቆጥራል፤ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት። ሽማግሎች «አይነካካም» ካላሉ ቄሱ ቀሸራውን አያስርም። የሽማግሎችም ቃል ያለ ቄስ ቡራኬ ጋብቻ አይሆንም። ስለ ሕጉ የሚናገረው ቄሱ ነው፤ ስለ ሰዎቹ የሚያውቁት ሽማግሎች ናቸው። ደም ሲፈስም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም፣ መሬት ሲያከራክርም እንዲሁ ነበር።

ቅስናውም በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። ቄስ የሚሆን ወጣት ከመምህር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ ግዕዙን፣ ጸሎቱን፣ ኦሪቱን ይማራል። ቄሶች ይፈትኑታል፤ የሚያውቀው ሕዝብ ስለ ጠባዩና ስለ ትዳሩ ይመሰክራል። ከተሾመ በኋላ ሚስቱን ቢፈታ ከቅስናው ይወርዳል። ከክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1888 እስከ 1892 ከደረሰው ታላቅ ረሃብ በፊት፣ መነኮሳት ከሁሉ በላይ ይከበሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመናምነው ኃላፊነቱ በባለ ትዳር ቄሶች ላይ ወደቀ። ሊቀ ካህናትም በየአውራጃው ነበር እንጂ በቤተ እስራኤል ሁሉ ላይ የተሾመ አንድ አለቃ አልነበረም። ይህን ጉድለት ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ እንደ ጥበብ እናየዋለን።

እዚህ ላይ ከቤታችን ወጣ ብለን አንድ ነገር ማንሳት እንወዳለን፤ አንባቢ አይቆጣን። ከፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ወገን ፕሬስቢቴሪያን ይባላል። ስሙ «ሽማግሌ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በስኮትላንድ ከ1560 ወዲህ የተደራጁት እነዚህ ሰዎች ጳጳስ የላቸውም። በአንድ አውራጃ ያሉ ጉባኤዎች ቀሳውስታቸውን፣ ከነሱም ጋር ከምእመናን የተመረጡ ሽማግሎችን ወደ አንድ ሸንጎ ይልካሉ፤ ቄሱም ሽማግሌውም እኩል ድምፅ አላቸው። አዲስ ቄስ የሚፈትነውና የሚሾመው ይህ ሸንጎ ነው፤ ያጠፋውን ይገሥጻል፤ የተወሰነውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ተበደልሁ ያለ ወደ ላይኛው ሲኖዶስ ይግባኝ ይላል።

ይህ ሥርዓት ባገራችንም አለ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1919 ወለጋ፣ ሳዮ ገባ፤ የዛሬው ደምቢ ዶሎ ማለት ነው። ጣሊያን ሲመጣ የውጭ አገር ሰዎቹ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑን ያቆዩት ያገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ከነሱም አንዱ ዓይነ ሥውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። በ1947 ቤቴል ተብሎ ራሱን ቻለ፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ሲቀላቀልም ስሙን በሲኖዶሶቹ ላይ ይዞ ቀረ።

ሚሲዮን ለእኛ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሄንሪ ስተርን በ1860 ወደ መንደሮቻችን ከመጣ ወዲህ የተከፈለው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ቁስሉ ዛሬም ያልደረቀላቸው ወገኖች በዚህችው ከተማ አሉ። የምናነሳው ሃይማኖታቸውን አይደለም፤ ወንበራቸውን ነው። ሽማግሌና ቄስ እኩል የሚቀመጡበትን ወንበር እኛም ከጥንት ጀምሮ ነበረን። ልዩነቱ እነሱ ጽፈውታል። የኛ ሸንጎ ቃለ ጉባኤው በሽማግሎች አእምሮ፣ አዳራሹም ከመስጊዱ አጠገብ ያለ የዛፍ ጥላ ነበረ። አገር ስንለቅ ዛፉ ቀረ፤ ሽማግሎቹም ለየብቻ ተበትነው ከፊሉ በነታንያ፣ ከፊሉ በረሖቦት፣ ከፊሉ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡ።

እስራኤል ውስጥ የጠበቀን ሌላ አስተዳደር ነው። በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በራቢዎች ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር ነው፤ ስለዚህ ቄሶቻችን የሚባርኩት ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ አይገባም። በ1985 ራባኑት የጥምቀት ሥርዓት እንድንፈጽም በጠየቀ ጊዜ፣ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በራባኑት ፊት ለፊት ወደ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ያንን የሚያስታውሱ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ሸንጎው ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ሸንጎ የተቀመጠው እዚያ፣ በአስፋልት ላይ ነበር። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን በ1973 ያወጁ ሲሆን፣ የዋናው ራባኑት ምክር ቤት ውሳኔያቸውን በይፋ እንደተቀበለ የተነገረው በ2020 መጀመሪያ ነው። ሂሳቡን አንባቢ ያውጣው።

ቄሶቻችን ከብዙ ትግል በኋላ በየከተማው የሃይማኖት ምክር ቤት ደመወዝ ማግኘት ጀመሩ። በደመወዙ ማንም አይቀናም፤ ባገር ቤት ቄስ አርሶም፣ ሕዝቡ ረድቶትም ይኖር ነበር፤ እዚህ ማረሻ የለም። ነገር ግን በ1971 በወጣው ሕግ የሃይማኖት ምክር ቤት አባላትን 45 በመቶ ሚኒስትሩ፣ 45 በመቶ ማዘጋጃ ቤቱ፣ 10 በመቶ የከተማው ራባኑት ያቀርባሉ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ የት አለ? ቄሱ ቢያንስ ጠረጴዛ አግኝቷል፤ ሽማግሌው ምንም አላገኘም። ሰው ሲጣላ ይጠሩታል፣ ቡና ያጠጡታል፣ ይሸኙታል።

ከዚህ የባሰው የሹመቱ ነገር ነው። ባገር ቤት የተሾሙት ቄሶች በመንግሥት ሲታወቁ፣ እዚህ ተምረው እዚህ የተሾሙት ወጣቶች እውቅና ለማግኘት ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ ስለ በጀት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ቄስን ቄስ የሚያደርገው ማነው የሚል ጥያቄ አለ። ቄሶች በእስራኤል ምክር ቤት አላቸው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በአቤቱታ ቀን ነው። በስግድ ቀን፣ ያ በዓል በ2008 በክኔሴት ሕግ ከጸደቀ ወዲህ፣ ቄሶች በኢየሩሳሌም በአንድነት ጃንጥላ ዘርግተው ይታያሉ፤ ድምፅ ማጉያው ግን ከነሱ ይልቅ በባለሥልጣናት እጅ ይቆያል።

የድሮውን እያወደስን የቀረውን እንዳንሸፍን አንድ ነገር እንጨምር። በዛፉ ጥላ ሥር ሴት አልተቀመጠችም። ስለ ሰባት ቤት አቆጣጠር ከሽማግሎች አብልጠው የሚያውቁ እናቶች ነበሩ፤ ሽማግሌው በምሽት ሚስቱን ጠይቆ በማግስቱ እንደ ራሱ ዕውቀት ይናገር ነበር። በንባባችን ላይ ይህን ያነሱት ወንዶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ። በዘመድ ያደላ ሽማግሌ፣ በቂም የፈረደ ቄስም ነበረ። ያልተጻፈ ፍርድ ደግሞ ለይግባኝ አይመችም።

እንግዲህ ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ራቢ ሻሮን ሻሎምን «ለምን ብቻዎን ጻፉ» ብለን አንወቅሳቸውም፤ መጽሐፍ የሚጻፈው በአንድ ሰው እጅ ነው። ደራሲው የራቢም የቤተ እስራኤልም ልጅ ሆነው በሁለቱ መካከል መቆማቸው ለመጽሐፉ ብርታት ሰጥቶታል። ነገር ግን «ሹልሐን» የሚለው ስም ከባድ ስም ነው። ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው መቶ ዘመን «ሹልሐን ዓሩክ» ብለው ያዘጋጁት ገበታ ሕግ የሆነው ራማ በተባሉት በፖላንዱ ሞሼ ኢሰርለስ እርማት ከተጨመረበት በኋላ ነው፤ ኢሰርለስም እርማታቸውን «የጠረጴዛ ልብስ» ብለው ሰየሙት። የኛ ገበታ ልብሱ ገና አልተዘረጋም። ምክሩን ከምክርነት ወደ ሥርዓት የሚያሻግረው የቄሶችና የሽማግሎች ተቀምጦ መነጋገር ነው፤ ያ ሳይሆን ቢቀር መጽሐፉ በትምህርት ቤት ይነበባል፣ በዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል፣ አያትየውም ቀዝቃዛውን ምግባቸውን ብቻቸውን ይበላሉ።

ንባባችን የጋብቻውን ክፍል ሳንጨርስ ለፋሲካ ዝግጅት ተቋርጧል። እስካሁን በተነበበው ላይ ሽማግሎችና እናቶች የተናገሩትን፣ የተስማሙበትንም የተከራከሩበትንም፣ ከልጆቻችን አንዷ በሰማያዊ ደብተር በሁለት ቋንቋ ጽፋዋለች፤ በቀኝ ዕብራይስጥ፣ በግራ አማርኛ። የትግራይ ሰዎች «በኛ እንዲህ አልነበረም» ያሉበት ስድስት ቦታ በቀይ ተሠምሮበታል። ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ ማታ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እንቀጥላለን። በከተማችን ያሉት ቄሶች ተጠርተዋል፤ ደብተሩ ላይ ለፊርማ የሚሆን ገጽ ባዶ ትተናል።