ፋይሉ አለ፣ ጽሑፉ የለም

ሥራ ሊለምድ የመጣ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ ለማኅደር የትኛው ሃርድ ዲስክ ይሻላል?» አለኝ። ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከተለያየ ፋብሪካ ሁለት ግዛ፤ ሦስተኛውን ቅጂ ሌላ ክፍለ ከተማ አስቀምጥ፤ ቼክሰም አውጣና በየጊዜው አመሳክር። አለቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶለት የሚሞተው ፋይል ነው።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከጎፋ፣ ከመካኒሳና ከጀሞ የሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ነው፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ማተሚያ ቤት ሳይገባ የቀረ መጽሐፍ። ባለቤቱ ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ሲገለብጠው ኖሯል፤ አንዲት ባይት አልጎደለችም። ሲከፈት ግን ገጹን የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ሞልቶት ይገኛል። ቼክሰሙ «ደህና ነው» ይላል። አንባቢ ግን አንድ ቃል አያገኝበትም።

ምክንያቱን የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል፤ ወጣቶቹ ግን አልደረሱበትም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ለአንድ ምልክት የሚመደበው ስምንት ቢት ቢበዛ 256 ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚይዘው አለ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው ጠበበ። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለ፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ እያስመታ በላዩ ላይ ገጣጠመ። ሁሉም በየራሱ ሰንጠረዥ ሄደ። ሰዎቹን አልወቅስም፤ መመዘኛ እስኪወጣ ቢጠብቁ ኖሮ በእነዚያ ዓመታት አንድም ማመልከቻ በኮምፒውተር ባልተጻፈ። ግን ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል።

ወጣቱ መላ አለው። «የታተመው ወረቀት ካለ ስካን አድርገን በኦሲአር እናንብበው፤ አሮጌው ፋይል ምን ያደርጋል?» ይላል። ብዙ ባልደረቦቼም እንዲሁ ይሠራሉ። አልስማማም። ኦሲአር ይገምታል፤ «ዐ»ን «ፀ»፣ «ሀ»ን «ሁ» ያደርጋል። ተራ ጽሑፍ ሲሆን ከአገባቡ ይታረማል፤ የሰው ስም ግን በምን ይታረማል? አሮጌው ፋይል ግምት የለበትም። ሰንጠረዡ አንዴ ከተገኘ እያንዳንዱ ፊደል ጸሐፊዋ የመታችው ፊደል ነው፤ «ሠ»ም ብትል «ሰ»ም ብትል እንደ ጻፈችው ይመጣል። ፒዲኤፍም ቢሆን አያታልላችሁ። ፎንቱን በውስጡ ይዞ ከሆነ ለዓይን ያማረ አማርኛ ያሳያል፤ ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ ግን ምንም አያገኝም።

ሰንጠረዡ እንዴት ይገኛል? የመካኒሳ አንድ እድር የአባላት መዝገብ ላሳያችሁ። የፎንቱን ስም የሚያስታውስ የለም። መስመሮቹን ወደ ታች ስመለከት መጀመሪያቸው ላይ ሁለት ዓይነት የምልክት ስብስብ ብቻ ይመላለሳል፤ በአንደኛው ውስጥ እዝባር አለ። «ወ/ሮ» ነው። ሌላው እንግዲህ «አቶ» መሆን አለበት። ከነዚህ አራት ፊደሎች ተነሥቼ «ወልደ»ን፣ «ሮማን»ን፣ «ቶሎሳ»ን እያልኩ ገባሁ፤ የቀረውን አንድ የተረፈ የወረቀት ደረሰኝ አረጋገጠልኝ። ወረቀቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ምስክር ይሆናል እንጂ ፋይሉን አይተካም።

እድርተኞቹ ዛሬ አንድ ሰፈር አይደሉም። ቤቶቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል፤ ገሚሱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ገሚሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ማን ከማን አጥር ይጋራ እንደነበር፣ ማን ለማን ቀብር እንዳዋጣ የቀረው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። እኔ እንጀራዬን የጀመርኩት በኮምፒውተር ጽሕፈት ነው፤ በገጽ እየተከፈለኝ የሰው አቤቱታ፣ የሰው ውል፣ የሰው ኑዛዜ ስመታ ወጣትነቴ አለፈ። ያኔ የምመታው ነገር ከማተሚያው ከወጣ በኋላ ይዘልቃል አይዘልቅም ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ያንኑ ጽሑፍ መልሼ ማንበብ ሥራዬ ሆነ፤ ከሌላ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ።

ይህን ቀድመው ያሰቡበት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር ሥራውን የያዙት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ፊልሙ መብራትና ማጉያ መነጽር ካለ ይነበባል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ደግሞ ዓመታት ወስደው የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት ዘርዝረው ጻፉ። በአባ ገሪማ ገዳም ያለው የብራና ወንጌል ከመቶዎች ዓመታት በኋላም ፊደል ለሚያውቅ ሰው ይገለጣል። የእኛ የ1990ዎቹ ቃለ ጉባኤ ግን ገና አንድ ትውልድ ሳይሞላው ዝም ብሏል።

ስለዚህ አሮጌ የአማርኛ ፋይል ያላችሁ ሁሉ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሸጣችሁ በፊት የፎንት ማኅደሩን ቅዱ። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ የዩኒኮድ ቅጂውን ከጎኑ አስቀምጡና በምን ሶፍትዌር፣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደ ተጻፈ አብራችሁ ጻፉ። ጽሑፉን የመታችው ሴት በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ደውሉላትና ጠይቋት። ሃርድ ዲስኩን በኋላ ትገዛላችሁ።