«መጠነ ቁስ» እና «የቁስ መጠን»፦ በኤሌክትሮሊሲስ ስሌት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

የፋራዴይን የኤሌክትሮሊሲስ ሕግጋት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሦስት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል፤ ይኸውም በግራም የሚለካውን፣ በሞል የሚቈጠረውንና በኩሎም የሚለካውን። በተለመደው አተረጓጎም ግን ሦስቱም «መጠን» ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው «መጠነ ቁስ»፣ ሁለተኛው «የቁስ መጠን»፣ ሦስተኛው «የኤሌክትሪክ መጠን» ይባላል። ከእነዚህም «መጠነ ቁስ» በግእዝ ዘርፍ አያያዝ፣ «የቁስ መጠን» በአማርኛው «የ» መሠራታቸው ነው እንጂ ልዩነታቸው፣ ቃላቱ አንድ ናቸው። ሰዋስው የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢረዳ አይፈረድበትም።

ጉዳቱ የሚታየው በስሌት ነው። በመዳብ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ የ2 አምፔር ኤሌክትሪክ ለ30 ደቂቃ ቢያልፍ 3600 ኩሎም ይሆናል። ይህ ለ96,485 ሲካፈል 0.0373 ሞል ኤሌክትሮን ይሰጣል። እያንዳንዱ የመዳብ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚቀበል፣ በካቶድ ላይ የሚለጠፈው መዳብ 0.0187 ሞል፣ ማለትም 1.2 ግራም ገደማ ነው። ያው 3600 ኩሎም በብር ናይትሬት ሙሙት ቢያልፍ፣ የብር አዮን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሚቀበል፣ 0.0373 ሞል ወይም 4 ግራም ገደማ ብር ይገኛል። እንግዲህ «የብሩ መጠን የመዳቡ ስንት እጥፍ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በሞል የቈጠረው ተማሪ 2፣ በግራም የመዘነው 3.4 ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ጥያቄውን የተረጐመው ሰው ነው።

«መጠነ ቁስ» በትምህርት ቤት ሥር ስለ ሰደደ በግራም ለሚለካው ይቈይ። ሁለተኛው ቈጠራ ነውና «የሞል ብዛት» ቢባል ይበቃል። ለሦስተኛው «ሙል» የሚለው ቃል አለን። በአዳማ (ናዝሬት) በጅቡቲው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ባትሪ የሚያድሱ ባለሙያዎች «ባትሪው ይሞላ» ይላሉና ቃሉ ከሕዝቡ አፍ የራቀ አይደለም። (ባትሪው ሲሞላ በውስጡ የሚጨመር የተጣራ ሙል አለመኖሩ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ጉድለት የእንግሊዝኛውም ነው።) ሆኖም «ሙል» እና «ሞል» በአንድ አናባቢ ብቻ ስለሚለያዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲታተም አራሚ እንኳ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በስሌት ጽሑፍ ውስጥ ሁልጊዜ «ኤሌክትሪካዊ ሙል» ተብሎ በምሉዕ ቢጻፍ ይመረጣል።

«አኖድ»ን «አዎንታዊ ዋልታ» ብሎ መተርጐም ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የዚያው የአዳማ ባለሙያ ባትሪ ሲሞላ፣ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ የያዘው አዎንታዊ ሰሌዳ አኖድ ነው፤ መኪናው ሲነሣና ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ያው ሰሌዳ፣ አዎንታዊነቱ ሳይለወጥ፣ ካቶድ ይሆናል። አኖድ የሚባለው ቁስ ኤሌክትሮን የሚያጣበት ሥፍራ ነው እንጂ የምልክት ስም አይደለም። ማይክል ፋራዴይ እነዚህን ቃላት በ1834 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ከዊልያም ሂውዌል ጋር ተማክሮ ሲሆን፣ የፈለገውም ስለ ኤሌክትሪክ ምንነት ከሚነሣው ክርክር ነጻ የሆነ ስም ነበር። የግሪኩ ቃል የሚለውም «ወደ ላይ የሚያወጣ መንገድ» ብቻ ነው። ተርጓሚው አዎንታዊነትን ሲጨምርበት፣ ፋራዴይ ሆን ብሎ ያስቀረውን መልሶ ያስገባል። «አኖድ» እና «ካቶድ» እንዳሉ ቢወሰዱ ይሻላል፤ «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ»ም ለዋልታዎቹ ብቻ ይቅሩ።