ተቀባይ የሌለው ዘፈን፦ የሞጣና የቢቸና ጭፈራ በቅርስነትና በእምቢታ መካከል

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የፍልስጥኤምን ዳብኬ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ረድፍ መሬት እየረገጡ የሚጫወቱት ይህ ጭፈራ ቀድሞ የገጠር ሠርግ ማድመቂያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 መፈናቀል በኋላ ግን በስደተኞች ካምፕ ለተወለደ ልጅ ያላየው የአያቶቹ መንደር መታወቂያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው አል ፉኑን የጭፈራ ቡድን ደግሞ ወደ መድረክ አወጣው። በዚህ ዓይን ወደ ገዛ አገራችን ስንመለከት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ጭፈራ ቅርስም እምቢታም የሚሆነው በምኑ ነው? የምሥራቅ ጎጃሞቹን ሞጣንና ቢቸናን ይዤ የምሟገተው፣ መልሱ ከጨፋሪው ትከሻ ይልቅ ዙሪያውን ከቆመው ተቀባይ ዘንድ እንደሚገኝ ነው።

በጥምቀት ሜዳ ወይም በሠርግ ዳስ ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ እናስተውል። ከበሮው ይመታል፤ የከበበው ሰው ያጨበጭባል። አንዱ ግጥም ያወጣል፤ ሌላው በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ተቀባዩ አዝማቹን በሚመልስባት አጭር ጊዜ አውጪው ቀጣዩን ስንኝ በሆዱ ያሰናዳል። መሐል የገቡት ሁለቱ ፊት ለፊት ገጥመው እስክስታ ይወርዳሉ። ትከሻ ይሰበራል፤ ደረት ይርገበገባል፤ ትንፋሽ በጥርስ መካከል እየሾለከ ምቱን ያጅባል። ጭብጨባው ሲፈጥን ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ መሬት ዝቅ ይላሉ፤ እልልታው ያነሣቸዋል። ግጥሙ ካልያዘ ተቀባዩ ይቀዘቅዛል፤ ከበሮው ሳይቀር ይለዝባል። ከያዘ ግን «ድገመው!» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ግጥሙ የአውጪው ብቻ አይደለም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ዳስ፣ ሌላ ሰው ያወጣዋል።

ጥናቱ ይህን አንድነት ከፋፍሎታል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎቹ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጭፈራና ሙዚቃ አጥንተዋል፤ ቲቦር ቫዳሲም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ስለ ባህላዊ ጭፈራዎቻችን ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቷል። ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም በአጠቃላይ የጥናት ልማዳችን እንቅስቃሴው ለጭፈራ አጥኚ፣ ዜማው ለሙዚቃ አጥኚ፣ ግጥሙ ለሥነ ቃል አጥኚ ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚዳኘው ተቀባይ ባለቤት አጣ።

የዚህን የአውጪና የተቀባይ ጉባኤ ኃይል ወራሪው ኢጣሊያም ያውቀው ነበር። በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን የሚመጣውን ወረራ እንዲመክት አነሣሥቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ እንደራሴው ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና ዘዋሪ ዘፋኞችን እያስያዘ እንዲረሸኑ አደረገ። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው በአፉ ብቻ ለጥይት ታጨ። የቢቸናው በላይ ዘለቀና የሞጣው ልጅ ኃይሉ በለው ዱር ቤቴ ባሉበት ምሥራቅ ጎጃም ፉከራና ሽለላ የትግሉ አካል ነበሩ። «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣ አርበኛ ጀብዱውን በአደባባይ ሲቆጥር ሰሚው ምስክርም ዳኛም ነው፤ ያልሠራውን ሠራሁ እንዳይል አብሮት የዘመተው ሰው ከፊቱ ቆሟል።

ከድል በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ፤ የፈረደበት አምስት ዓመት የተዋጋለት መንግሥት ነበር። ለመንግሥት አመፀኛ ሆኖ ቢሞትም ለአገሩ ሰው በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር እንደተባለ ኖረ። ሐውልት ባልቆመለት ዘመን ስሙን ያቆየው ዘፈንና ፉከራ ነው። ቅርስነትና እምቢታ እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ፤ የተከለከለን ሰው ማስታወስ ራሱ እምቢ ማለት ነውና።

የመሬት ጉዳይም በዚሁ አፍ ተነግሯል። ገብሩ ታረቀ ባጠኑት የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ፣ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ከተነሡት አውራጃዎች ዋነኞቹ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉ ገበሬዎች ከአራት ጥማድ በላይ ያለውን መሬታቸውን ተነጠቁ። ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም የሰበሰቧቸው ቃል ግጥሞች ገበሬው ለዚህ ፖሊሲ በግጥም መልስ እንደሰጠ ያሳያሉ። በስብሰባ ላይ ቢናገሩት የሚያስቀጣ ቃል በግጥም ሲወጣ ተቀባዩ ሁሉ ይጋራዋል፤ ብዙ አፍ የተጋራውን ቃል ደግሞ በአንድ ሰው ራስ ላይ መጣል ይከብዳል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሽለላ በተፈጥሮው የተገፋ ሰው ድምፅ አይደለም። ደርግ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን አቋቁሞ ይህንኑ ዜማ ለራሱ አውሎታል፤ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያውን ወደ ጦር ሜዳ የሸኘው ቀረርቶ ከአባቶቹ የወረሰው ነበር። ስለዚህ መለያው ዜማው ወይም ጀግንነቱ ሊሆን አይችልም። መለያው ግጥሙን ማን ያወጣል፣ ማንስ መለወጥ ይችላል የሚለው ነው። ተቀባይ ዝም የማለትና የማስደገም መብት ካለው ጭፈራው የሕዝብ ነው፤ ከላይ የተላከ ስንኝ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ሰልፍ ይሆናል።

ዛሬ ይህን መብት የሚያሳጣው መድረኩና ካሜራው ነው። በብዙ የሙዚቃ ክሊፕ ጎጃም የሚታወቀው በቁምጣው፣ በዱላውና በትከሻው ፍጥነት ነው። ግጥሙ ስቱዲዮ ያልቃል፤ ጨፋሪው አፉን ዘግቶ ይጨፍራል፤ ዙሪያውን የሚቆም ሰው የለም። የሚታየው እስክስታ ውብ ነው፤ ልጆችም ከእሱ ይማራሉ። ነገር ግን ከእሱ የተማረ ልጅ ትከሻ መስበር እንጂ ግጥም ማውጣት አይችልም። ዳብኬም መድረክ ላይ ወጥቶ ተስተካክሏል፤ ሆኖም ከመድረኩ ጎን ለጎን በየሠርጉ ማንም እየገባ የሚረግጠው ረድፍ ስላለ ሕይወቱ አልተቋረጠም።

እንግዲህ ጥበቃ ስንል ምን መጠበቅ እንዳለብን ግልጽ ነው። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የዞንና የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶችም ሲቀርጹ ካሜራቸውን ወደ ከበበው ሰው ያዙሩ። ግጥሙን ማን አወጣ፣ በምን አጋጣሚ፣ ተቀባዩ የትኛውን አስደገመ፣ በየትኛው ቀዘቀዘ የሚለው አብሮ ይመዝገብ። የትምህርት ቤት የባህል ውድድር ከልብስና ከቅንጅት ይልቅ እዚያው በተሰጠ ርእስ ላይ ግጥም ያወጣውን ተማሪ ይሸልም፤ የሌላውን ግጥም በማስተዋል የተቀበለውንም አይርሳ። ገጥሞ የሚያወጣና መዝኖ የሚቀበል ትውልድ እስካለ ድረስ ሞጣና ቢቸና የሚሉትን ራሳቸው ይላሉ፤ የማይሉትንም ማንም አያስብላቸውም።