ወደ ግራ የመሄድ ጸጋ፦ «ኢቮላንድ» እና የተጫዋቾቹ ብያኔ

«ኢቮላንድ» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚገባበት ዓለም እጅግ ድኻ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ በውስጡ የቆመው ትንሽ ጀግናም ወደ ቀኝ ከመራመድ በቀር ሌላ ሥልጣን አልተሰጠውም። ጥቂት ርምጃ እንደ ሄደ ሣጥን ያገኛል፤ ሲከፍተው ከውስጡ የሚወጣው ወርቅ ወይም ሰይፍ ሳይሆን ወደ ግራ የመሄድ ችሎታ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚከፈቱትም ሣጥኖች እንዲሁ ከጀግናው ይልቅ ለዓለሙ የሚጨመር ነገር ይዘው ይቆያሉ፦ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ፣ ከተጓዡ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ መልክዐ ምድር፣ ድምፅ፣ ቀለም። ከሣጥኖቹ አንዱ እንዲያውም ጭራቆችን ያመጣል፤ ተጫዋቹም በገዛ እጁ የምድሩን ሰላም ካደፈረሰ በኋላ፣ ይህንኑ እንደ ሌላው ስጦታ ሁሉ ደስ ብሎት ይቀበላል።

ሐሳቡ የተወለደው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012፣ ሉደም ዴር በሚባለው የጌም ጃም በ24ኛው ዙር ነው። ሉደም ዴር ጄፍ ሃውላንድ በ2002 የጀመረው፣ በየአገሩ ያሉ ጨዋታ ሠሪዎች አንድ ርእስ በአንድ ሰዓት ተቀብለው፣ በየቤታቸው ሆነው ሥራቸውን ጨርሰው የሚያቀርቡበት ውድድር ሲሆን፣ በቡድን ለሚሠሩት 72 ሰዓት የሚፈቅድ ላላ ያለ ክፍል፣ ብቻውን ለሚገባው ደግሞ 48 ሰዓት ሰጥቶ ሥዕሉንም ድምፁንም የፕሮግራሙንም ጽሕፈት በዚያው ጊዜ ውስጥ በገዛ እጁ እንዲሠራ፣ በመጨረሻም ኮዱን ለሁሉ ገልጦ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ጥብቅ ክፍል አለው። ያን ጊዜ የወጣው ርእስ «ዝግመተ ለውጥ» ነበረ። ርእሱ ማንንም ሰው ወደ እንስሳትና ወደ አዝርዕት ታሪክ የሚመራ ሆኖ ሳለ፣ ሄክስ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ፈረንሳዊው ኒኮላ ካናስ የሚለዋወጠውን ፍጡር ራሱን ጨዋታውን አደረገው፤ ይኸውም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አርፒጂ የተባለው የጨዋታ ዘር ከአንድ ቀለም ወደ ብዙ፣ ከጠፍጣፋ ሥዕል ወደ ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ያደረገውን ጉዞ፣ ተጫዋቹ በአንድ ተቀምጦ ራሱ እንዲጓዘው ማለት ነው። ከሺህ በላይ ሥራዎች በቀረቡበት በዚያ ዙር ይህ አጭር ሥራ አንደኛ ወጣ።

ብያኔውን የሰጡት እነማን እንደ ነበሩ ማስተዋል ይገባል፤ የዚህ ሐተታ ጉዳይ ከዚያ ይጀምራልና። በሉደም ዴር ሥርዓት ዳኞቹ ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ሥራቸውን ካስረከቡ በኋላ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ጨዋታ ተጫውቶ ይመዝናል፤ የሌላውን ሥራ ብዙ የመዘነ ሰው የእርሱም ሥራ ለብዙዎች ዐይን እንዲቀርብ ይደረግለታል፤ ሚዛኑም ፈጠራን፣ አዝናኝነትን፣ ለርእሱ መታመንን፣ ሥዕልን፣ ድምፅን፣ ቀልድንና ድባብን ለየብቻው ይመረምራል። የዚህን ዓይነት ዳኝነት ጠባይ የእኛ አንባቢ ከቅኔ ቤት ያውቀዋል፤ ባለቅኔው ለዕለቱ የሚስማማ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ ሊያበረክት ሲነሣ፣ አድማጮቹ ጭንቀቱን በራሳቸው ላይ ያዩ ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ብቻ መሆኑን ማንም እንደ ጉድለት አይቈጥርበትም፤ ምሥጢሩ ከሠመረ «ይበል!» ይባልለታል። የ2012ቱ «ኢቮላንድ» የተቀበለው ብያኔ እንዲህ ያለ ነበረ፤ የሰጡትም ሰዎች ያንኑ 48 ሰዓት እንቅልፍ አጥተው ያሳለፉ ነበሩና፣ ምን እንደ ጐደለው ከመጠየቃቸው በፊት በዚያች አጭር ጊዜ ምን እንደ ተገኘ ያውቁ ነበር።

ካናስ በዚያው ዓመት ከሴባስቲያን ቪዳል ጋር በቦርዶ ከተማ ሽሮ ጌምስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ (አንባቢው በስሙ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ ከወጡ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም)፤ «ኢቮላንድ»ም በኤፕሪል 2013 ሰፍቶና አምሮ ለሽያጭ ወጣ። በዚህኛው መልኩ ጀግናው ክሊንክ፣ ባልንጀራው ካይሪስ፣ ጠላቱ ዜፊሮስ ይባላሉ፤ ስሞቹም በ1986 ከወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ»ና በ1997 ከወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ገጸ ባሕርያት ስም ተቀንጭበው የተሠሩ ለመሆናቸው ነጋሪ አያሻም። መንደሮች፣ ዋሻዎች፣ ተራ እየጠበቁ የሚዋጉበት የውጊያ ሥርዓት፣ የሚሰበሰብ የካርታ ጨዋታ፣ በ«ዲያብሎ» አምሳል የተሠራ፣ ጭራቅ በመንጋ የሚመጣበትና የምርኮው ዕቃ እንደ በረዶ የሚዘንብበት ጕድጓድ ሁሉ ተጨመሩበት።

በዚህ ጊዜ የተጫዋቾቹ ቃል ተከፈለ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዳስደሰተው የማይመሰክር ተጫዋች ጥቂት ነው፤ ቅሬታው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ጨዋታው በሦስት በአራት ሰዓት ያልቃል፤ ውጊያው ጥልቀት የለውም፤ ታሪኩ ከሌሎች ታሪኮች ቅራሪ የተቀዳ ነው፤ ቀልዱም የሚያስቀው የሚቀለድበትን ሥራ ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው፤ እየተባለ ተነገረበት። ከሁሉ የጠነከረው ነቀፌታ ግን ሳይታሰብ ብቅ በሚሉት ጭራቆች ላይ ያረፈው ነው። በጥንቶቹ አርፒጂዎች ተጓዡ በሜዳ ሲሄድ የማይታይ ጠላት በየጥቂት ርምጃው ያስቆመውና ያዋጋው ነበር፤ «ኢቮላንድ» ይህን ልማድ ሊቀልድበት አስገባው፤ ቀልዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ውጊያ ሲያልቅ ግን ልማዱ አላለቀም፤ ተጫዋቹም የተቀለደበትን ስልቸታ ያለ ቀልድ ተሸክሞት ቀረ። በዚህ ነጥብ ላይ ነቃፊዎቹ ፍጹም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ስልቸታን በስልቸታ የሚሣለቅ ጸሓፊ፣ በየትኛውም ኪነት ቢሆን፣ ቶሎ ማቆምን ካላወቀ ራሱ የስላቁ ምርኮኛ መሆኑ አይቀርም።

ቀልዱ የሚያስቀው ቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ነው፣ ማለትም ጨዋታው በትዝታ ላይ የተመሠረተ ነው የሚለው ክስ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነውና። እውነቱን ከስሕተቱ ለመለየት፣ እነዚያን የጃፓን ጨዋታዎች በልጅነቱ ያልቀመሰ ተጫዋች በሐሳብ ማቆም ይበቃል፤ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ፣ ተራ እየጠበቀና በጨዋታ ቍጥር እየከፈለ፣ እግር ኳስ ብቻ ተጫውቶ ያደገ ወጣት። ክሊንክና ዜፊሮስ ለዚህ ወጣት ባዶ ስሞች ናቸው፤ በጨዋታው መንደሮች የሚሰማው ቀልድ ግማሹ ያልፈዋል። ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድ ጀግና ሲሰጠው ግን፣ ጣቱ ሳያስበው የግራውን ቍልፍ ተጭኖ፣ ጀግናው አልንቀሳቀስም ሲለው የሚሰማው ድንጋጤ፣ ከዚያም ሣጥኑ ሲከፈትና ግራው ሲታዘዝለት የሚሰማው ደስታ፣ የማንንም ትዝታ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ጨዋታው የሚነካው ተጫዋች ሁሉ ያለ ጥያቄ የተቀበለውን፣ ሲነፈገው ብቻ ያወቀውን መብት ነው። ስለዚህ በአንዱ «ኢቮላንድ» ውስጥ ሁለት ሥራዎች አሉ ማለት ይቻላል፦ አንደኛው ሌሎችን ሥራዎች እየጠቀሰ የሚጫወት፣ ሁለተኛው ተጫዋቹ በእጁ በሚያደርገው ነገር ብቻ የሚናገር። ተጫዋቾቹ ያመሰገኑት ሁለተኛውን፣ የሰለቹት አንደኛውን ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቹ ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ነጥብ መዝነዋቸዋል።

አጭር ነው የሚለውም ነቀፌታ እንዲሁ መመርመር ይገባዋል። ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ይኸው አጭርነት በጃሙ ጉባኤ ከምስጋና አላገደውም፤ አሥር ዶላር ያህል ከፍሎ የገዛው ሰው የሚመዝንበት ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ ለከፈለው ዋጋ የሚገባውን ሰዓት መጠየቁም በራሱ ነውር አይደለም። ሆኖም የሚሰማን ሕመም ከሚሰማን ቦታ ይነሣል ማለት አይደለም። የሣጥኖቹን ተራ በትዕግሥት የተከተለ ሰው እንደሚያስተውለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ኀይል ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋቹ ማድረግ የማይችለውን ያስችለዋል፣ ከዓለሙም ጋር ያለውን ግንኙነት ከሥሩ ይለውጠዋል። ጕዞው ወደ መካከል ሲደርስ ግን ሣጥኖቹ ጌጥ መስጠት ይጀምራሉ፤ የጠራ ሥዕል፣ የተሻለ ብርሃን፣ የሚሰበሰቡ ከዋክብትና ካርታዎች። ተጫዋቹ እነዚህን በዐይኑ ያያቸዋል እንጂ በእጁ አይሠራባቸውም። ስለዚህ የጨዋታው ሐሳብ ከጨዋታው ቀድሞ ያልቃል፤ ተጫዋቹም ይህ ባዶነት ሲሰማው፣ ምክንያቱን ሲፈልግ፣ በእጁ ያገኘው ቀላል ቃል «አጠረ» የሚለው ሆነ። ተጫዋች የተሰማውን ሲናገር ፈጽሞ አይዋሽም፤ የተሰማውን ለምን እንደ ተሰማው ሲናገር ግን እንደ ማንኛውም አንባቢና ተመልካች ሊስት ይችላል፤ የሐያሲው ድርሻም ስሜቱን ሳይክድ ምክንያቱን እንደገና መፈለግ ነው።

ሐሳቡ ከመካከሉ በኋላም ሊቀጥል ይችል እንደ ነበረ ጨዋታው ራሱ በአንድ ስፍራ መስክሯል። ጀግናው በሰይፉ ሲመታቸው ዓለሙን ከጥንቱ ጠፍጣፋ ሥዕል ወደ ባለ ሦስት አውታሩ፣ ከዚያም መልሰው የሚለውጡ የክሪስታል ድንጋዮች አሉ። በአንዱ ዘመን መንገድ የዘጋው ነገር በሌላው ዘመን ያሳልፋል፤ ተጫዋቹም ለመሻገር የትኛው ዓይነት ሥዕል እንደሚጠቅመው አስቦ ድንጋዩን መምታት አለበት። እዚህ ላይ የሥዕል ዘመን ጌጥ መሆኑ ቀርቶ እንደ መጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ኀይል ሆኗል። በእኔ ፍርድ ከጠቅላላው ሥራ የበሰለው ክፍል ይህ ነው፤ የሚያሳዝነውም ከጥቂት ክፍሎች በቀር አለመዘርጋቱ ነው።

ሽሮ ጌምስ በኦገስት 2015 ያወጣው «ኢቮላንድ 2» ለአጭርነቱም፣ የሥዕሉ ለውጥ ጌጥ ብቻ ሆኖ ለመቅረቱም መልስ ይመስላል። ርዝመቱ ሃያ ሰዓት ገደማ ሆነ፤ የሥዕሉም መለዋወጥ ከታሪኩ ጋር በጽኑ ተሰፋ፤ ጀግኖቹ በዘመናት መካከል ሲመላለሱ ያለፈው ዘመን በስምንት ቢት፣ የአሁኑ በ16 ቢት፣ የሚመጣው ደግሞ በባለ ሦስት አውታር ሥዕል ይታያል፤ ተጫዋቹም ማንም ሳይነግረው ሥዕሉን አይቶ ብቻ የት ዘመን እንዳለ ያውቃል። ያን ጊዜ የተጫዋቾቹ ምስጋና ከፊተኛው ይልቅ ሞቅ ያለ ነበረ፤ ስለ አጭርነት የሚያነሣም አልተገኘም። ቅሬታ ግን አልጠፋም፤ ጨዋታው አንድ ጊዜ የተኩስ፣ አንድ ጊዜ የቡጢ ግጥሚያ፣ ሌላ ጊዜ የካርታ ውድድር እየሆነ ስለሚሄድ፣ ሦስቱ ሰዓት አንሶባቸው ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ፣ በሃያው ሰዓት ውስጥ አንዱን ስልት ገና እጃቸው ሳይለምደው ሌላው እየመጣባቸው ደከሙ።