የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናና የዝግጅቱ ፈር
በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያገኘው ከሁሉ በፊት በትምህርት ቤት ነው። አካባቢው የፋብሪካና የመጋዘን ሠፈር እንደ መሆኑ በየበሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ አይጠፋም፤ በሥራና በገበያ የሚሰማው ንግግር ግን በአብዛኛው አማርኛና ኦሮምኛ ነው። በክፍል ውስጥ ያልተነገረ እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ ይካካሳል ተብሎ አይታሰብም። የብሔራዊ ፈተናው አቀራረብም መመርመር ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

ፈተናው ምንባብን፣ ሰዋስውንና የቃላት ዕውቀትን በምርጫ ጥያቄዎች ይለካል፤ በዚህ ረገድ ብዙ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ንግግር ግን የሚመዘነው በወረቀት የሰፈረን ጭውውት በማሟላት፣ ጽሕፈትም የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል በመለየት ነው። አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩና ሳይጽፉ ከፍተኛ ውጤት ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። መምህራን ይህን ያውቃሉ፤ ተማሪዎች ደግሞ ከመምህራኑ ቀድመው ያውቁታል። ከዚህ የተነሣ የመማሪያ መጽሐፉ የማዳመጥና የመናገር መልመጃዎች ይታለፉና የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎች ቦታቸውን ይወስዳሉ።

የቀድሞ ጥያቄ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መልሱ «ለ» መሆኑ ብቻ ተነግሮ፣ ሌሎቹ ምርጫዎች ስለ ምን እንደ ወደቁ ሳይመረመር ወደሚቀጥለው ሲታለፍ ነው። የጭውውቱን ጥያቄ ምርጫዎቹ ተሸፍነው ሁለት ተማሪዎች በቃል ቢሠሩት፣ የተስተካከለውንም አንቀጽ መነሻ አድርጎ ተማሪው የራሱን ቢጽፍ፣ ያው ጥያቄ ለፈተናውም ለትምህርቱም ይጠቅማል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠውን የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የአንድ ምክንያት ውጤት ባይሆንም፣ የሒሳቡም የፊዚክሱም ጥያቄ የቀረበው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የዚህን ያህል ተፈታኝ ድርሰት ማረም ከባድ ነው የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ቶፍል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 በምርጫ ጥያቄ ጀምሮ የጽሕፈት ፈተና የታከለበት በ1986፣ ንግግር ደግሞ በ2005 ነው። ማዳመጥን በምርጫ ጥያቄ መፈተን ግን ተጨማሪ አራሚ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ድምፅ ማጉያና ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። የ2014ቱ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠቱም እንዲህ ያለው አዳራሽ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል።