በቶሌዶው ሥዕል ውስጥ የጎደለው ሰው

የሰው አገር ሊያይ የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ዐይን ያስፈልገዋል፤ አንዱ ያለውን የሚያይ፥ ሁለተኛው የጎደለውን የሚፈልግ። በእስጳንያ አገር በቶሌዶ ከተማ የሚገኘው የኦርጋስ ጌታ የቀብር ሥዕል ሁለቱንም ዐይን ይጠይቃል።

ቶሌዶ ከማድሪድ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ የታጉስ ወንዝ በሦስት ወገን በከበባት ኮረብታ ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ናት። ብዙው እንግዳ ጧት መጥቶ ማታ ይመለስባታል። በሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን ግን ሊቸኩል አይገባውም። ሥዕሉ ከሟቹ መቃብር በላይ ስለ ሆነ፥ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ሬሳው ከሥዕሉ ወርዶ ወደ እውነተኛው መቃብር የሚገባ ይመስለዋል።

ሠዓሊው ዶሚኒኮስ ቴዎቶኮፑሎስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1541 በቀርጤስ ደሴት ተወልዶ፥ ቅዱሳት ሥዕላትን በግሪኮች ሥርዓት መሣል የተማረ ነው። እስጳንያውያን ግሪክነቱን አይተው ኤል ግሬኮ አሉት። ይህን ሥዕል በ1586 ተዋውሎ በ1588 ፈጸመው። ታሪኩም በ1323 የሞተው የኦርጋስ ጌታ ጎንሳሎ ሩይስ ምጽዋት ወዳድ ስለ ነበረ፥ በቀብሩ ቀን ቅዱስ እስጢፋኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ከሰማይ ወርደው በእጃቸው ቀበሩት የሚል ነው።

ሠዓሊው ሥዕሉን እንደ ቅኔ በሰምና ወርቅ ከፍሎታል። ሰሙ በታች ነው፤ የብረት ልብስ የለበሰው ሟች፥ በዙሪያውም ጥቁር ለብሰው አንገታቸውን በነጭ እጥፋት የከበቡ፥ በሠዓሊው ዘመን የነበሩ የቶሌዶ መኳንንት ቆመዋል። ወርቁ በላይ ነው፤ መልአክ የሟቹን ነፍስ በሕፃን አምሳል ይዞ በደመና መካከል ያሳርጋል። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በእመቤታችን የዕረፍት ሥዕል ነፍሷ በጌታ እጅ በሕፃን አምሳል ትሣላለች፤ እርሱም በወጣትነቱ ይህንኑ የዕረፍት ሥዕል ሥሎ ነበር። እንግዲህ ቀርጤሳዊው የልጅነት ትምህርቱን በባዕድ አገር አልጣለም፤ ስሙንም በግሪክ ፊደል ጽፎበታል።

ነገር ግን ሥዕሉ የተሣለበትን ምክንያት እንመርምር። ሟቹ የኦርጋስ ሰዎች ለዚህ ደብር ካህናትና ድኾች በየዓመቱ 2 በግ፥ 16 ዶሮ፥ 2 አቁማዳ የወይን ጠጅ፥ 2 ጭነት እንጨትና 800 ማራቬዲ የሚባል ገንዘብ እንዲሰጡ ተናዞ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ መስጠቱን ቢተዉ፥ የደብሩ ካህን አንድሬስ ኑኜስ ከስሶ አስፈረደባቸው፤ በኋላም ይህን ሥዕል አሣለ። ውሉም ቀብሩን የሚመለከቱ ብዙ ሰዎች እንዲሣሉ ያዝዛል።

አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚያ ብዙ ሰዎች መካከል ድኻው ወዴት አለ? ካህናት አሉ፥ መነኮሳት አሉ፥ መኳንንት አሉ፤ የሠዓሊው ትንሽ ልጅ እንኳ ችቦ ይዞ ቆሟል። ኑዛዜው የተጻፈለት፥ በዳኛም ፊት ስሙ የተጠራለት የኔ ቢጤ ግን አንድ ስንኳ የለም። ሟቹን ለሰማይ ያበቃው ምጽዋት ተመስግኖ፥ ምጽዋቱን የተቀበለው እጅ ተረስቷል።

ስለዚህ የሠዓሊው እጅ ምሉእ፥ ምስክርነቱ ግን ጎደሎ ነው እላለሁ። ፊትን ሁሉ ለይቶ የመሣል ጸጋ የተሰጠው ሰው አንድ የድኻ ፊት ቢጨምር፥ ሰማዩና ምድሩ ይበልጥ በተያያዙ ነበር።

ወደ ቶሌዶ የሚሄድ አስተዋይ መንገደኛ ከሥዕሉ ፊት በቂ ጊዜ ይቁም። ሲወጣም በጠባቡ ጎዳና የሚያልፈውን ተራ ሰው ልብ ብሎ ይመልከት፤ የሥዕሉ ቀሪ ክፍል እርሱ ነውና።